«ለምን አላነበብክም?»



ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ስህተት ነው። ስህተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የተወቀሰው ግን የአክስቴ ልጅ ነው። የወቀስኩትም እኔው ነኝ። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ ለአንዳንዶቻችሁ የአንድ ቀን ወጪ ሊሆን ይችላል። ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ወንድም «ክሪፕቶ ላይ ከሰርኩ» ሲለኝ አፌ ላይ ቀድማ የምትመጣውን ጥያቄ ዋጥ ማድረግ ተምሬያለሁ። ጥያቄዋ «ለምን አላነበብክም?» የምትለዋ ናት።

ጊዜው የ2016 ረመዳን ነበር። የአክስቴ ልጅ ተወልዶ ያደገው ወረታ ነው፤ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች ከሚገናኙባት ከተማችን። ቪዲዮ ያቀናብራል፤ ውጭ አገር ላለ ሰው በስልክና በአንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ይሠራ ነበር። ያን ጊዜ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር ሥራው እንዳይቆምበት አዲስ አበባ መጥቶ እኔ ጋ አረፈ። ክፍያው የሚላክለት በዩኤስዲቲ ነው። በረመዳን አጋማሽ ላይ 60 ዶላር ገባለት። ለምን እንደሚያውለው አስቀድሞ ወስኗል፦ እናቱ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ወንዛዬ ፍል ውኃን አልፎ በሚወርደው በጉማራ ዳር፣ ሽንኩርት ተክላለች። የውኃ ሞተሩ ናፍጣ ይፈልጋል። ከናፍጣው የተረፈው ለታናናሾቹ የዒድ ልብስ።

ከተራዊሕ መልስ ስልኩን ይዘን ተቀመጥን። «አንተ ታውቃለህ» አለኝ። እኔም አላውቅም አላልኩም።

እዚህ ላይ ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ዩኤስዲቲ በተለያዩ ኔትወርኮች ላይ ይላካል። የእሱ ገንዘብ የተቀመጠው ኢትሪየም ላይ ነበር። እዚያ ላይ ዩኤስዲቲ ለመላክ የሚከፈለው በዩኤስዲቲ አይደለም፤ ኢተር የሚባል ሌላ ሳንቲም ያስፈልጋል። ክፍያውን «ጋዝ» ይሉታል። ማለትም በኪስህ 60 ዶላር እያለህ፣ ከ60ው ላይ ቀንሰህ ከፍለህ መላክ አትችልም። ሌላ ገንዘብ መፈለግ አለብህ። አንድ የሰፈር ጓደኛ የ12 ዶላር ኢተር አበደረን።

ዋሌቱ የሚያስፈልገውን ገምቶ 16 ዶላር ገደማ አለ። የያዝነው 12 ነው። ልጁ «ነገ ጨምረን ብንልክስ?» አለ። እኔ ግን የሆነ ቪዲዮ ላይ «ክፍያውን ራስህ መቀነስ ትችላለህ» ሲባል ሰምቼ ነበርና፣ የላቀ ቅንብር የሚለውን ከፈትኩ። ሁለት ሣጥኖች አሉ። አንዱ ጋዝ ሊሚት ይላል፤ ሌላው የጋዙ ዋጋ ነው። ሊሚት የሚለውን 40,000 አደረግሁት። ስሌቱ ወደ 10 ዶላር ወረደ። «አየህ?» አልኩት፤ «ላክ በለው።»

ላከ። ከትንሽ ቆይታ በኋላ ቀይ ጽሑፍ መጣ፦ አልተሳካም። 60ው ዩኤስዲቲ በቦታው አለ። 10 ዶላሩ ግን የለም።

በኋላ የገባኝ ነገር ይህ ነው። ጋዝ ሊሚት ማለት ለሥራው የተፈቀደው የነዳጅ መጠን እንጂ ዋጋው አይደለም። መኪናው ጎንደር ለመድረስ ይህን ያህል ሊትር ይፈልጋል ሲባል፣ እኔ «ሊትሩን ቀንሱለት፣ ይረክስልናል» አልኩ። መኪናው አዲስ ዘመን ሳይደርስ ቆመ። የተቃጠለው ነዳጅ አይመለስም። በማግስቱ ጓደኛችን ሌላ የ14 ዶላር ኢተር አበደረን፤ ከተረፈችው 2 ዶላር ጋር ተደምሮ 16 ሞላና ገንዘቡ ሄደ። ብድሩን ስንከፍል ከ60 ዶላር 26ቱ ወጥቷል።

ያን ሌሊት ቀይ ጽሑፉን እንዳየሁ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ለምን አላነበብክም? ከታች ማስጠንቀቂያ ነበረው እኮ!» የሚል ነው። ልጁ ዝም አለ። ቁጥሩን የቀየርኩት እኔ መሆኔን አላነሳም። ታላቁ ነኝ፤ አከበረኝ።

*

ለአክስቴ በስልክ ያስረዳሁት እኔ ነበርኩ። «ጋዝ አልቆበት ገንዘቡ ተበላ» ስላት መጀመሪያ ግራ ገባት።

«የምን ጋዝ ነው? ላምባ ነው?»

«አይ አክስቴ፣ የማስተላለፊያ ክፍያውን ነው ጋዝ የሚሉት።»

«ተላልፏል እንዴ?»

«አልተላለፈም።»

«ታዲያ የምን ክፍያ ነው?»

ለማስረዳት ሞከርኩ። በዓለም ዙሪያ ያሉ ኮምፒውተሮች ሥራውን ጀምረውት እንደነበር፣ የጀመሩበትን እንደሚያስከፍሉ ነገርኳት። አክስቴ ፊደል የቆጠረችው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ሩዝ መፈልፈያ ቤት ደጃፍ ብዙ ዓመት ወረፋ ጠብቃለች። እንዲህ አለችኝ፦

«ልጄ፣ እኔ ሩዜን ሳስፈለፍል ሒሳቡን በኩንታል የሚነግረኝ ጆንያው ሳይፈታ ነው። ሞተሩ መሃል ላይ ቢቆም፣ ሩዜ ከነልብሱ ቢመለስልኝ፣ የመፈልፈያ እከፍላለሁ?»

«ናፍጣው እኮ ተቃጥሏል አክስቴ።»

«ናፍጣው እንደማይበቃው ሲያስነሳው አያይም? አውቆ ለምን ያስነሳዋል?»

መልስ አልነበረኝም። ቆይቼ ሳነብ ግን ጥያቄዋ የባለሙያ ጥያቄ መሆኑ ገባኝ። ላልተሳካ ግብይት ክፍያ የሚወሰድበት በቂ ምክንያት አለ፤ ነፃ ቢሆን ኖሮ ክፉ አሳቢ ሰው በሚሊዮን የሚቆጠር የማይሳካ ትእዛዝ እየላከ ኔትወርኩን ባጨናነቀው ነበር። ስለዚህ ክፍያው ራሱ ግፍ አይደለም። ነገር ግን ዋሌቱ ትእዛዙን ከመላኩ በፊት በሙከራ አስልቶ «ይህ በዚህ መጠን አይሳካም፤ ብትልከው ገንዘቡ ይቀልጣል» ማለት ይችላል። ይህን የሚያደርጉ ዋሌቶች አሉ። የእኛ ዋሌት ግን 16 እንደሚያስፈልግ ራሱ ገምቶ ሲያበቃ፣ እኔ 10 ስለው እሺ አለ። ከታች በደቃቅ ፊደል፣ ባዕድ በሆነ ቋንቋ የሆነ ነገር ጻፈ። ከዚያ አስነሳው።

«ማን በላው ታዲያ?» ብላ ጠየቀችኝ አክስቴ በመጨረሻ። የዚህም መልስ ይገርማል። ከነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትሪየም ላይ የሚከፈለው ጋዝ ዋናው ክፍል ለማንም አይደርስም፤ ይቃጠላል፣ ከመኖር ይጠፋል። እንኳን የሚመልስልን፣ «መልስልኝ» የምንለው ሰውም አልነበረም። ወደ ሕግ እንዳንሄድ፣ ብሔራዊ ባንክ በ2014 በአገራችን ሕጋዊው መገበያያ ብር ብቻ መሆኑን፣ በክሪፕቶ መገበያየትም ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። ያደረግነው ትክክል ነበር ለማለት አይደለም የምጽፈው። የምለው አንድ ነገር ነው፦ በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ሲወድቅ የሚያነሳው የለም፤ ስለዚህ መንገዱን የሠራውና መንገዱን የመራው ሰው ሸክም ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

*

«ጥፋቱ የተጠቃሚው ነው» የሚለው ሐሳብ መሠረት የለውም አልልም። ክሪፕቶ ሲጀመር ቃሉ «ገንዘብህ በእጅህ» የሚል ነው። ቁልፉ አንተ ጋ ከሆነ ጥበቃውም አንተ ጋ ነው። ሳያነቡ መጫን፣ መቸኮል፣ «ያውቃል» የተባለን ሰው ማመን፣ እነዚህ ሁሉ የእኛ ጥፋቶች ናቸው። በ2016 ክረምት ቴሌግራም ላይ ሐምስተር ስንነካካ ከነበርነው ስንቶቻችን ነን ሳንቲሙ ወጥቶ ወደ ዋሌት ልናስገባ ስንል ክፍያ እንዳለው ያወቅነው? ወራት ስንጫን አንድ ቀን አልጠየቅንም።

ነገር ግን «ባነብ ኖሮ» የሚለው መልስ እስከ የት ያደርሳል? ሦስት ነገሮችን ልጥቀስ።

መስከረም 27 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ቢትፊኔክስ ከተባለው ትልቅ የክሪፕቶ መገበያያ ዋሌት 100,000 ዶላር የሚሆን ዩኤስዲቲ ዴቨርሲፋይ ወደተባለ መድረክ ሲላክ፣ የተከፈለው የማስተላለፊያ ክፍያ 7,676 ኢተር ነበር። በጊዜው ዋጋ ከ23 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማለት ነው። ኢትሪየም በዚያው ክረምት የክፍያ አሠራሩን ቀይሮ ነበር፤ ቁጥሩን የሚያሰሉት ፕሮግራሞች ከአዲሱ አሠራር ጋር ሳይጣጣሙ ቀርተው ነው የሆነው። መስከረም 10 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፓክሶስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት 2,000 ዶላር የማይሞላ ቢትኮይን ሲልክ 500,000 ዶላር ገደማ ክፍያ ከፈለ። ድርጅቱ ራሱ ጥፋቱ የእኔ ሲስተም ነው ብሏል። እነዚህ ቤቶች መሐንዲስ፣ ጠበቃ፣ የሒሳብ ባለሙያ የቀጠሩ ናቸው። እነሱ የሳቱትን ቁጥር፣ ከጾም በኋላ በእኩለ ሌሊት በተሰነጠቀ ስክሪን ላይ የሚያይ የ20 ዓመት ልጅ «ማንበብ ነበረበት» ማለት ይከብደኛል።

ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለፓክሶስ ክፍያውን የወሰደው የማዕድን ቡድን ገንዘቡን መለሰለት። ለዴቨርሲፋይም ከ7,676 ኢተር 7,626ቱ ተመልሷል። መላሾቹ የሚመሰገኑ ናቸው፤ አማና ማለት ይህ ነው። ነገር ግን የተመለሰላቸው ስማቸው ስለሚታወቅ፣ ጩኸታቸው ስለሚሰማ ነው። የ10 ዶላር ጩኸት የት ይሰማል?

ሁለተኛው ነገር፣ ስህተቱ ከሰው ብቻ ሳይሆን ከአሠራሩ ቅርጽ የሚመጣበት ጊዜ መኖሩ ነው። ቢትኮይንን ውሰዱ። በቢትኮይን የግብይት መዝገብ ውስጥ «ክፍያ» ተብሎ የሚሞላ ቦታ የለም። ከገባው ላይ የወጣው ተቀንሶ የቀረው ሁሉ ክፍያ ነው። ወረታ ገበያ 200 ብር ይዘህ ገብተህ የ10 ብር ሎሚ ገዛህ እንበል። «መልሴን 190 ስጠኝ» ብለህ በወረቀት ካልጻፍክ፣ 190ው በር ላይ ለቆመው ዘበኛ ይሆናል። ይህ ነው አሠራሩ። ዋሌቶች ይህን መልስ ራሳቸው ስለሚጽፉልን አናየውም፤ ፕሮግራሙ የተሳሳተ ቀን ግን ዘበኛው ይከብራል። ትሮን ላይም ሌላ ወጥመድ አለ፦ ገንዘቡን የሚቀበለው አድራሻ ከዚህ በፊት ዩኤስዲቲ ይዞ የማያውቅ ከሆነ የላኪው ክፍያ እጥፍ ገደማ ይሆናል። የሌላው ሰው ኪስ ባዶ መሆኑን ላኪው በምን ያውቃል?

ማስተካከል ግን ይቻላል። ቢትኮይን ኮር የተባለው ዋናው ፕሮግራም ክፍያው ከ0.1 ቢትኮይን ካለፈ፣ አንተ ራስህ ጣሪያውን ካልቀየርከው በቀር አልልክም ይላል። አንዲት መስመር ናት። እዚህ አገራችንም፣ በቴሌብር ወይም በባንክ አፕ ስንልክ የተቀባዩ ስም ቀድሞ ይመጣል። ስሙን አይቼ «አይ፣ ይሄ ሰው አይደለም» ብዬ ስንት ጊዜ ተመልሻለሁ። ያን ያሰበልኝ ሰው አንድም ቀን «ለምን ቁጥሩን በደንብ አላነበብክም?» አላለኝም። እንደምሳሳት አውቆ ቀድሞ ቆመልኝ እንጂ።

ሦስተኛው ነገር እዚያው ረመዳን ውስጥ የሆነ ነው። መጋቢት 7 ቀን 2016፣ አርብ ለቅዳሜ ሌሊት፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሲዛነፍ ምን እንደተፈጠረ ሁላችንም እናስታውሳለን። ሰዎች በሒሳባቸው የሌለ ብር አወጡ፤ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ነገሩ ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገለጸ፤ የተወሰደውም 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው አለ። እኔም ጓደኞቼን «መልሱ፣ የሰው ሐቅ ነው» ካሉት አንዱ ነበርኩ። ዛሬም እላለሁ። የማሽን ስህተት ሐራሙን ሐላል አያደርገውም። አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ፤ ያልመለሱት ስማቸውና ፎቷቸው ተለጠፈ።

ይህን ባልኩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው የልጁ 10 ዶላር የቀለጠው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንድ ነገር ቆረቆረኝ። የሲስተም ስህተት ወደ እኛ ሲያዘነብል «ያንተ አይደለም፣ መልስ» ይባላል፤ ልክ ነው። ወደ ሲስተሙ ሲያዘነብል ግን «ብታነብ ኖሮ» ይባላል። ሚዛን አንዱ ወገኑ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ሚዛን አይደለም።

*

እኔ ኡስታዝ አይደለሁም፤ ፈትዋም አልሰጥም። ክሪፕቶ ራሱ ይፈቀዳል አይፈቀድም በሚለው ላይ ዑለሞች ተለያይተዋልና እነሱን ጠይቁ። ግን ሁላችንም መድረሳ ውስጥ የሰማናቸው ነገሮች በዚህ ጉዳይ ላይ ብርሃን ሰጥተውኛል። በገበያ ሁልጊዜ የሚታለል አንድ ሰው ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሲመጣ «አንተ ጅል፣ ለምን አትነቃም?» አላሉትም፤ ሲገዛና ሲሸጥ «ማታለል የለም» የሚል ቅድመ ሁኔታ እንዲናገር አስተማሩት። ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። ደካማው ጎን እንዲጠበቅ መንገድ አበጁለት ማለት ነው። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽም የሚናገረው ስለ ዕዳና ስለ መጻፍ ነው፤ ማስጻፍ የማይችል ባለዕዳ ካለ ወኪሉ በፍትሕ ያስጽፍለት ይላል። «ካልቻለ ይክሰር» አይልም።

እኔን የመታኝ ግን ሌላ ሐዲሥ ነው። በሕክምና ሳይታወቅ ሕክምና የሠራ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን የሚናገረው፤ አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ዋሌቱን የሠራውን ሰው ስከስ ከርሜ፣ እዚህ ሐዲሥ ላይ ስደርስ የቆመው የእኔ ስም ነው። ሐኪሙ እኔ ነበርኩ። «ታውቃለህ» ሲሉኝ ዝም ያልኩት፣ ልጁ «ነገ ብንልክስ» ሲል የቸኮልኩት፣ የማላውቀውን ሣጥን የከፈትኩት፣ ከዚያም «ለምን አላነበብክም» ያልኩት እኔ። መሐንዲሱ የሠራብንን እኔም በታናሽ ወንድሜ ላይ ደገምኩት፦ በማያውቀው መንገድ ወሰድኩት፣ ሲወድቅ ጥፋቱን ለእሱ ሰጠሁት።

በከተማ ያለን ወጣቶች ብዙዎቻችን እንዲህ ነን። በቤተሰባችን «ስልክ የሚያውቀው» እኛ ነን። የእናታችንን ቴሌብር የምንከፍተው፣ የአጎታችንን የይለፍ ቃል የምንይዘው፣ የጎረቤትን ሐዋላ የምንቀበለው እኛ ነን። ለእነሱ ዲዛይኑ እኛ ነን። ስለዚህ ኩባንያ ላይ ከመጮኻችን በፊት፣ ከመጮኻችንም ጋር፣ ራሳችን ላይ የምናስተካክለው አለ። ክፍያውን ሰውየው በሚያውቀው ገንዘብ ቆጥረን ሳንነግረው አንጫን። የላኪና የተቀባይ ኔትወርክ አንድ መሆኑን ጮክ ብለን እናንብብ። የማናውቀውን ሣጥን አንንካ። የማናውቀውን ስንጠየቅ «አላውቅም» እንበል፤ ይቺ ቃል ያን ሌሊት 10 ዶላር ትቆጥብልን ነበር።

ሒሳቡን በኋላ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ከ26 ዶላሩ 16ቱ የመንገዱ ዋጋ ነበር፤ ውድ ነው፣ ግን ያው ዋጋው ነው። 10ሩ የእኔ ነበር። ለዒድ ሁለት ቀን ሲቀረው 10 ዶላሩን በብር መንዝሬ ለአክስቴ ላክሁና ለልጁ «ቁጥሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ ዐውፍ በለኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ ከላፕቶፑ ቀና ሳይል። «ለእማዬም ያኔውኑ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብያታለሁ።»

አክስቴ ስትደውል ስለ ገንዘቡ አላነሳችም። ሞተሩ መነሣቱን፣ ሽንኩርቱ ውኃ መጠጣቱን ነገረችኝ። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ብቻ፣ «ያ ጋዝ የምትሉት ነገር፣ ሁለተኛ ሳትጠይቁ እንዳትቀዱ» አለች።

አላህ ከማናውቀው ነገር ክፋት ይጠብቀን፤ ያወቅነውንም በአማና የምናካፍል ያድርገን። ወላሁ አዕለም።